«ዝም አይነቅዝም» የማይሠራበት ቤት፦ ስለ አሜሪካ እስር ቤት ሕክምናና አካል ጉዳት የሚወሩ ተረቶችና እውነታው

አገር ቤት ዘመዱ የታሰረበት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ስንቅ ይቋጥራል፤ በጠያቂ ሰልፍ ይቆማል፤ ታሳሪው ከታመመ የታዘዘለትን መድኃኒት ከውጭ ገዝቶ ያስገባል፤ ካስፈለገም ዋርዲያውን «ወንድሜ፣ በእናትህ» ብሎ ይለማመጣል። አሜሪካ ሲደርስ ይህ ሁሉ ልምድ አይረባውም። እስር ቤቱ ምግብም ሆነ መድኃኒት ከቤተሰብ እጅ አይቀበልም። በዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ የሚኖር ሐበሻ ልጁ ታስሮ «ስኳሬ ከፍ ብሏል፣ የሚሰማኝ አጣሁ» ብሎ ሲደውልለት፣ የሚጨብጠው ይጠፋዋል። ያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከመስጊድ በር፣ ከካፌ ጠረጴዛ ምክር ይለቃቅማል። ምክሩ ከልብ ነው፤ አብዛኛው ግን ለዚህ አገር አይሠራም፤ አንዳንዱም ታሳሪውን ይጎዳዋል።

እዚህ የተነሡት በተደጋጋሚ የሚደመጡት አባባሎች ናቸው። ሕጉ የአሜሪካ ነው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጠበቃ ማማከር የሚችል ሰው ያማክር።

«እስረኛ ደግሞ ምን መብት አለው?»

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው እስር ቤት መክሰስ ከዕብደት ይቆጠራል። እውነታው ሌላ ነው። በ1973 ቴክሳስ ውስጥ አንድ እስረኛ ከጭነት መኪና ላይ ጥጥ ሲያራግፍ የታሰረው ጥጥ ወድቆበት ወገቡን ተጎዳ። አሞኛል፣ መሥራት አልችልም በማለቱ ተቀጣ። ያለ ጠበቃ፣ በገዛ እጅ ጽሑፉ ክስ አዘጋጅቶ ለፍርድ ቤት ላከ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1976 «ኤስቴል እና ጋምብል» ተብሎ የሚታወቀው ውሳኔ ተሰጠ። ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል የጻፉት ውሳኔ ሐሳቡ ቀላል ነው። የተቆለፈበት ሰው በእግሩ ሄዶ ሐኪም ማየት አይችልም፤ ያሰረው አካል ካላሳከመው የሚያሳክመው የለም። ስለዚህ የእስረኛን ከባድ የጤና ችግር እያወቁ ችላ ማለት ጭካኔ የተሞላበት ቅጣትን የሚከለክለውን የሕገ መንግሥቱን 8ኛ ማሻሻያ ይጥሳል።

ነገሩ ግርምት አያጣውም። ውጭ ያለ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው መንግሥትን «አሳክመኝ» የሚልበት ሕገ መንግሥታዊ መብት የለውም፤ እስረኛው ግን አለው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሆኖም ያ እስረኛ ለሌላው ሁሉ የሚያገለግል ሕግ አስገኝቶ እርሱ ራሱ በሐኪሙ ላይ ባቀረበው ክስ ተሸነፈ። መዝገቡ ሲታይ በ3 ወር ውስጥ የሕክምና ሠራተኞች 17 ጊዜ አይተውታል። ራጅ ሊታዘዝልኝ ይገባ ነበር ብሎ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን ራጅ ማዘዝና አለማዘዝ የሐኪም ውሳኔ ነው አለ። ቀጣዩ ተረት የሚፈርሰውም በዚሁ ነው።

«ሐኪሙ ከተሳሳተ መብቱ ተጥሷል»

አልተጣሰም፤ ቢያንስ ሕገ መንግሥቱ አልተጣሰም። ውጭ ሲወስደው የነበረው መድኃኒት በሌላ መቀየሩ፣ ሐኪሙ ሕመሙን በስሕተት መለየቱ፣ ወይም ልጁ የፈለገውን ምርመራ አለማግኘቱ ብቻውን የ8ኛ ማሻሻያ ጉዳይ አይሆንም። በ1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤት መለኪያውን የበለጠ አጠበቀው፦ ባለሥልጣኑ አደጋው መኖሩን በእርግጥ ማወቅና አውቆም ችላ ማለት አለበት። «አላወቅሁም ነበር» የሚለው መከላከያ የሚሠራው ለዚህ ነው። ያንን መከላከያ የሚያፈርሰው ደግሞ ቀን ያለበት ወረቀት ነው። በግንቦት 3 «ደረቴን እየወጋኝ ነው» ተብሎ በጽሑፍ የተነገረው ኃላፊ በግንቦት 20 «የነገረኝ የለም» ማለት ይከብደዋል።

ገና ያልተፈረደበት፣ ቀጠሮ የሚጠብቅ ታሳሪ የሚጠበቀው በሌላ የሕገ መንግሥት አንቀጽ፣ በ14ኛው ማሻሻያ (በፌዴራል ጉዳይ በ5ኛው) ነው። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚያካትተው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2023 እንደወሰነው፣ እንዲህ ያለ ታሳሪ ኃላፊው ያውቅ እንደነበር እንዲያስረዳ አይገደድም፤ ማወቅ ይገባው እንደነበር ማሳየት ይበቃዋል። በካውንቲ ጄል ያለ ዘመድ ያላችሁ ይህን ልዩነት ያዙ።

ተራ የሕክምና ስሕተትም ቢሆን መንገድ አለው። በፌዴራል እስር ቤት የደረሰ ቸልተኝነት ከሆነ፣ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ «ስታንዳርድ ፎርም 95» በሚባለው ቅጽ የካሣ ጥያቄ ለመሥሪያ ቤቱ ይቀርባል፤ መሥሪያ ቤቱ ውድቅ ካደረገው፣ ወይም 6 ወር ሙሉ ካልመለሰ፣ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። በስቴት እስር ቤት ከሆነ የዚያ ስቴት የሕክምና ስሕተት ሕግ ነው የሚገዛው፤ የጊዜ ገደቡም እንደ ስቴቱ ይለያያል።

«ሐኪሙ የግል ኩባንያ ሠራተኛ ስለሆነ መንግሥትን አይመለከትም» የሚልም አለ። በስቴት እስር ቤት ይህ መከላከያ በ1988 ወድቋል። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ መረብ ኳስ ሲጫወት የተረከዙ ጅማት የተበጠሰበት እስረኛ በኮንትራት የሚሠራውን ሐኪም ከሰሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም መንግሥት ግዴታውን በኮንትራት ቢያስተላልፍም ግዴታው ከላዩ አይወርድም፣ ሐኪሙም በስቴቱ ሥልጣን እንደሚሠራ ሰው ይቆጠራል አለ።

«አካል ጉዳተኛ ማለት ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ነው»

በእኛ ማኅበረሰብ ከሚወራው ሁሉ በጣም የሚጎዳው ይህ ይመስለኛል፤ ሰው ያለውን መብት እንዳይጠይቅ ያደርገዋልና።

የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ በ1990 ሲጸድቅ የስቴትና የአካባቢ መንግሥት አገልግሎቶችን በሙሉ አካተተ። እስር ቤትስ «አገልግሎት» ነው ወይ የሚለው ክርክር እስከ 1998 ቆየ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከ18 እስከ 36 ወር የተፈረደበት አንድ ሰው፣ በወታደራዊ ሥርዓት ወደሚመራ የማረሚያ ካምፕ ገብቶ በ6 ወር በአመክሮ እንዲወጣ ዕድል ነበረው። የደም ግፊት ታሪክ ስላለህ አንቀበልህም ተባለ። ስቴቱ ሕጉ እስር ቤትን አይመለከትም ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ «ይመለከታል» አለ፤ ውሳኔውን የጻፉት ደግሞ ለእስረኛ በማዘን የማይታሙት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ነበሩ። ልብ በሉ፣ የክርክሩ መነሻ ዊልቸር አልነበረም፤ ደም ግፊት ነበር።

በ2008 የወጣው የዚህ ሕግ ማሻሻያ ደግሞ የአካል ጉዳትን ትርጉም አሰፋው። አንድ ሰው አካል ጉዳተኛ ነው ወይ ተብሎ ሲመዘን መድኃኒቱ ወይም መሣሪያው የሚያቀልለት አይታይም፤ ከተራ መነጽር በስተቀር። በኢንሱሊን የሚቆጣጠሩት ስኳር፣ በክኒን የተገታ የሚጥል በሽታ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ የመስማት ችግር ሁሉ ሊገቡበት ይችላሉ። የፍትሕ ሚኒስቴር የስታቲስቲክስ ቢሮ በ2016 ባደረገው ጥናት ከስቴትና ከፌዴራል እስረኞች 38 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ የአካል ጉዳት እንዳለባቸው ተናግረዋል፤ ብዙው ከመርሳት፣ ከማተኮርና ከመወሰን ችግር ጋር የተያያዘ ነው። ይህ እስር ቤት ካልገባው ጎልማሳ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ነው።

እኛ ጋ ያለው ችግር ግን ሌላ ነው። ታሳሪው በመጀመሪያው ቀን የጤና ምዝገባ ላይ «የአእምሮ ሕመም አለብህ?» ሲባል «የለብኝም» ይላል። ቤተሰቡም ጸበል ወስደነው ተሽሎታል ብሎ ዝም ይላል። ነውር ስለሚፈራ ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው ለዚህ ነው፤ እስር ቤት ያልተነገረውን እንዲያስተካክል ማስገደድ ይከብዳል።

የአካል ጉዳተኞች ሕጉ አገልግሎት እኩል ስለ ማግኘት ነው፣ ስለ ማከም አይደለም። ብዙ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች «ሐኪሙ በደንብ አላከመኝም» የሚለውን ክስ በአካል ጉዳት ሕግ ሥር አይቀበሉም፤ እርሱ ወደ 8ኛ ማሻሻያ ይመለሳል። በአካል ጉዳቴ ምክንያት ሌላው የሚያገኘውን ሻወር፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ አምልኮ፣ ስልክ፣ የቤተሰብ ጥየቃ አላገኘሁም የሚለው ግን የዚህ ሕግ እምብርት ነው። ጆርጂያ ስቴት ውስጥ ከወገቡ በታች የማይንቀሳቀስ እስረኛ ስፋቱ 3 ጫማ፣ ርዝመቱ 12 ጫማ በሆነ ክፍል ውስጥ በቀን ከ23 እስከ 24 ሰዓት እንደሚቆለፍበትና ዊልቸሩን ማዞር እንኳ እንደማይችል፣ መጸዳጃና መታጠቢያ ስለማይደርስም በራሱ ቆሻሻ ላይ እንደሚቀመጥ ገልጾ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2006፣ የተባለው ሕገ መንግሥቱንም የሚጥስ እስከሆነ ድረስ ስቴቱ ራሱ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል ብሎ ወሰነ።

የፍትሕ ሚኒስቴር ደንብ ከ2011 ጀምሮ በተለይ ለእስር ቤቶች የሚሠራ አንቀጽ አለው። የሚመች ክፍል የለንም ብሎ አካል ጉዳተኛን ከሚገባው በላይ ጥብቅ ወደሆነ ክፍል ማስገባት አይቻልም። ሕክምና ሳያስፈልገው በሕሙማን ክፍል ማኖርም እንዲሁ። ቤተሰቡ ሊጠይቀው ወደማይችልበት ሩቅ ቦታ መላክም፣ ሌሎች የሚያገኙት ፕሮግራም ወደሌለበት ማዛወርም ክልክል ነው። አዲስ በሚሠራ እስር ቤት ከክፍሎቹ ቢያንስ 3 በመቶው፣ ከአንድ ያላነሰ፣ ለዊልቸር ተጠቃሚ የተዘጋጀ መሆን አለበት። መስማት ለተሳነው ደግሞ በዲሲፕሊን ችሎትና በሐኪም ፊት ሐሳብ ለሐሳብ የሚያግባባ ዘዴ፣ እንደ ሁኔታው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ ማቅረብ ግዴታ ነው።

የፌዴራል እስር ቤቶች በ1990ው ሕግ ሳይሆን በ1973 በወጣው የተሐድሶ ሕግ አንቀጽ 504 ይገዛሉ። መርሑ ተቀራራቢ ነው፤ ማመልከቻ ላይ ግን ትክክለኛውን ሕግ መጥቀስ ይጠቅማል።

«ለነርሷ ነግሬያለሁ፤ የሕክምና መጠየቂያም ሞልቻለሁ»

ጥሩ ጥሩ ጉዳዮች የሚሞቱት እዚህ ላይ ነው። ታሳሪው ሐኪም ለማየት የሚሞላው ወረቀት አንድ ነገር ነው፤ «ሐኪም ሊያየኝ አልቻለም» ወይም «ማስተካከያ ተከለከልኩ» ብሎ የሚያቀርበው መደበኛ ቅሬታ፣ በእስር ቤቱ ቋንቋ «ግሪቫንስ» የሚባለው፣ ፈጽሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሐኪም ይጠራል፤ ሁለተኛው መብት ያስከብራል። ሐኪም ለማየት መቶ ወረቀት የሞላ ሰው አንድም ግሪቫንስ ላያስገባ ይችላል።

በሚያዝያ 1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የእስረኞች ክስ ማሻሻያ ሕግ፣ ታሳሪ ስለ እስር ቤት ሕይወት በፌዴራል ፍርድ ቤት ከመክሰሱ በፊት የእስር ቤቱን የቅሬታ ደረጃዎች በሙሉ እንዲጨርስ ያስገድዳል። የአካል ጉዳት ክስም ከዚህ አያመልጥም። በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ቅሬታው ገንዘብ የማያስገኝ ቢሆንና የሚፈለገው ካሣ ብቻ ቢሆን እንኳ ደረጃው መጠናቀቅ አለበት አለ። በ2006 ደግሞ የጊዜ ገደብ ያለፈበት ቅሬታ እንዳልቀረበ ይቆጠራል ሲል ወሰነ፤ በዚያ የካሊፎርኒያ ጉዳይ ገደቡ 15 የሥራ ቀን ብቻ ነበር፤ እስረኛው ደግሞ ከ6 ወር ገደማ በኋላ ነበር የመጣው።

የፌዴራሉን መንገድ እንደ ምሳሌ ልዘርዝረው፤ ደንቡ ግልጽ ነውና። መጀመሪያ ከሠራተኞች ጋር ለመስማማት ይሞከራል፤ ታሳሪዎች ቅጹን «ቢፒ 8» ይሉታል። ካልሆነ ችግሩ ከተፈጠረ በ20 ቀን ውስጥ ለእስር ቤቱ ኃላፊ የሚቀርበው «ቢፒ 9» ይሞላል፤ የመጀመሪያው ሙከራም በዚሁ 20 ቀን ውስጥ ነው ማለቅ ያለበት። ኃላፊው 20 ቀን አለው፤ ለጤና አስቸኳይ አደጋ ከሆነ ግን በ3 ቀን መመለስ አለበት። መልሱ ካላረካ ኃላፊው ከፈረመበት ቀን ጀምሮ በ20 ቀን ውስጥ «ቢፒ 10» ለአካባቢው ዳይሬክተር ይላካል፤ እርሱም 30 ቀን አለው። የመጨረሻው «ቢፒ 11» በ30 ቀን ውስጥ ለዋናው መሥሪያ ቤት የሕግ አማካሪ ይቀርባል፤ መልሱ 40 ቀን ይወስዳል። በየደረጃው መልስ ሰጪው ጊዜውን በጽሑፍ ሊያራዝም ይችላል። በጊዜው መልስ ካልመጣስ? ዝምታው እንደ እምቢታ ይቆጠራል፤ ወደ ቀጣዩ ደረጃ መሄድ ይቻላል። እዚህ ላይ ነው «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብልሃት ሰውን የሚጥለው። መልስ ሳይመጣ እየጠበቀ የተቀመጠ ታሳሪ የሚጠብቀው ነገር ሳይመጣ ቀኑ ያልቅበታል።

የስቴትና የካውንቲ እስር ቤቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ደረጃና ገደብ አላቸው። ደንቡ በታሳሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

ከሜሪላንድ የመጣው የ2016 ውሳኔ ሁለቱንም ወገን ያስተምራል። አንድ እስረኛ በጠባቂ ተደበደበና ጉዳዩን ለውስጥ መርማሪዎች ተናገረ፤ ይህ ይበቃኛል ብሎ መደበኛውን ቅሬታ አላስገባም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «በቅን ልቦና ተሳስቼ ነው» የሚለውን ሰበብ አልተቀበለም። ነገር ግን በር ክፍት ትቷል፦ የቅሬታው ሥርዓት በተግባር የትም የማያደርስ ከሆነ፣ ማንም ሊረዳው እስከማይችል ከተወሳሰበ፣ ወይም ሠራተኞቹ በማታለል ወይም በማስፈራራት ካደናቀፉት፣ እንደሌለ ይቆጠራል። ቅጽ ከለከሉኝ የሚል ታሳሪ ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደከለከለው ወዲያውኑ ይጻፍ፤ ከዓመት በኋላ የሚያስታውሰው ላይታመን ይችላል።

ቅሬታው ምን ይበል? አንድ ወረቀት፣ አንድ ጉዳይ። ቀን፣ ሰዓት፣ የሠራተኛው ስም ወይም መለያ፣ የደረሰው ነገር፣ የሚፈለገው መፍትሔ። የአካል ጉዳት ጉዳይ ከሆነ በግልጽ «አካል ጉዳት አለብኝ፣ ይህን ማስተካከያ እጠይቃለሁ» ይባል፤ «ቁም ሣጥኑ ከፍ ብሎብኛል» ብቻ ማለት ተራ እሮሮ ሆኖ ይቀራል። ስድብ አያስፈልግም። ቅጂውንና የተሰጠውን ቁጥር መያዝ ግን የግድ ነው።

«እርሱ እንግሊዝኛ አይችልም፤ እኛ እንጽፍለትና እናስገባለት»

በግማሽ ትክክል ነው። የፌዴራሉ ደንብ ታሳሪው ቅሬታውን ለማዘጋጀት ከሌላ ታሳሪ፣ ከሠራተኛ፣ ከቤተሰብና ከጠበቃ እርዳታ ማግኘት እንደሚችል ይፈቅዳል። ማንበብ ለማይችል፣ አካል ጉዳት ላለበት ወይም እንግሊዝኛ በሚገባ ለማይችል ሰው እርዳታ መኖሩን የማረጋገጥ ኃላፊነትም የእስር ቤቱ ኃላፊ ነው። ማስገባት ግን የራሱ ድርሻ ነው፤ በእርሱ ስም ሌላ ሰው ሊያቀርብለት አይችልም። አጎት ለኃላፊው የላኩት ደብዳቤ ጫና ሊፈጥር ይችላል፤ ቅሬታ ሆኖ ግን አይቆጠርም። እናንተ በቤት አርቅቃችሁ በፖስታ ላኩለት፤ እርሱ በቅጹ ላይ ገልብጦ፣ ፈርሞ ያስገባ።

አንድ የተለየ ሁኔታ አለ፤ ብዙ ቤተሰብ አይሰማውም። በ2018 የወጣው «ፈርስት ስቴፕ አክት» እንደሚለው፣ አንድ የፌዴራል እስረኛ የማይድን ሕመም ከተገኘበት እስር ቤቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ለጠበቃው፣ ለትዳር አጋሩና ለቤተሰቡ ማሳወቅ አለበት፤ በ7 ቀን ውስጥም መጥተው እንዲያዩት ዕድል ይሰጣል። የቅጣት ቅነሳ ጥያቄም ቤተሰቡ በእርሱ ስም አዘጋጅቶ ማቅረብ ይችላል፤ እስር ቤቱ ጥያቄውን በ14 ቀን ውስጥ ማስኬድ አለበት። ለሌሎችም ከባድ ሕሙማን፣ ጥያቄው ለኃላፊው ከደረሰ 30 ቀን ካለፈ በኋላ ታሳሪው በቀጥታ ለፈረደበት ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል።

ስልክ ደውሎ «ልጄ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅስ? የሕክምና ሠራተኞች ያለ ታሳሪው የጽሑፍ ፈቃድ የሚነግሯችሁ ጥቂት ነው። ፈቃዱን ጤና ሳለ፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይፈርም። የድሮ ሐኪሙን መዝገብና የመድኃኒት ዝርዝር ለእስር ቤቱ የጤና ክፍል መላክ ግን ፈቃድ ሳይመጣም ይቻላል፤ መቀበል መረጃ መስጠት አይደለምና።

«የሚከስ ሰው ይቀጣል፣ ከአገርም ይባረራል»

ይህን ተረት ሙሉ በሙሉ ተረት ነው ማለት ሐሰት ይሆናል። ቅሬታ ባቀረበ ሰው ላይ መበቀል በሕገ መንግሥቱ 1ኛ ማሻሻያና በአካል ጉዳት ሕጉ ክልክል ነው፤ ግን ይፈጸማል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1994 በተጀመረው «አርምስትሮንግ» በሚባለው የአካል ጉዳተኛ እስረኞች ክስ፣ ፍርድ ቤቱ በ2020 ሳን ዲዬጎ አካባቢ ባለ አንድ እስር ቤት ጠባቂዎች አካል ጉዳተኞችን እንደደበደቡና በቅሬታቸው ምክንያት እንዳስፈራሩ ማስረጃ ካየ በኋላ ጠባቂዎቹ ካሜራ ደረታቸው ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። በቀጣዩ ዓመት ትእዛዙ ወደ ሌሎች እስር ቤቶች ተስፋፋ። ፍርሃቱ መሠረት አለው ማለት ነው፤ ያንን ካሜራ ያመጡት ግን የጻፉት ናቸው። በፌዴራል እስር ቤት ደኅንነቱ የሚሰጋ ሰው ቅሬታውን በቀጥታ ለአካባቢው ዳይሬክተር በምስጢር መላክ ይችላል።

ከአገር መባረር ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። አንድን ሰው ለመባረር የሚያበቃው የተፈረደበት ወንጀል ዓይነት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ሕክምና ጠየቀ፣ ቅሬታ ጻፈ ተብሎ ግሪን ካርድ የሚነጠቅበት ሕግ የለም።

በኢሚግሬሽን የተያዙ ወገኖቻችንም አሉ። እነርሱ የተያዙት በወንጀል ክስ ስላልሆነ ፍርድ ቤቶች የ1996ቱን የደረጃ ግዴታ በእነርሱ ላይ አይጭኑም። ቅሬታ በጽሑፍ ማስገባት ለእነርሱም ማስረጃ ነው።

«ገንዘብ ከሌለው አይታከምም»

ሐሰት ነው። በፌዴራል እስር ቤት ታሳሪው ራሱ ለጠየቀው ቀጠሮ 2 ዶላር ይቆረጥበታል፤ ለአስቸኳይ ሕክምና፣ ለቋሚ ሕመም ክትትል፣ ለአእምሮ ጤና አይከፍልም፤ ገንዘብ የለህም ተብሎም ሕክምና አይከለከልም። የፍርድ ቤቱ ክፍያ ግን ሌላ ነው፦ ድሃ እስረኛም ቢሆን የክስ መክፈቻውን ከሒሳቡ በየወሩ እየተቆረጠ በጊዜ ብዛት ይከፍላል፤ 3 ጊዜ ክሱ መሠረተ ቢስ ተብሎ ከተጣለበት፣ ከባድ የአካል አደጋ ካላንዣበበበት በስተቀር ቀጣዩን ሙሉ ሒሳብ አስቀድሞ እንዲከፍል ይገደዳል። በንዴት የተጻፈ ክስ ዋጋ ያስከፍላል።

«ቅሬታው ውድቅ ሆኗል፤ አበቃ»

ገና ነው። በስቴት ወይም በካውንቲ እስር ቤት የአካል ጉዳት መድልዎ የደረሰበት ሰው፣ ወይም ስለ እርሱ ሌላ ሰው፣ በ180 ቀን ውስጥ ለአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ ይህን ቤተሰብም ይችላል። የእስር ቤቱን ቅሬታ ግን አይተካም፤ ጎን ለጎን ይሂድ። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው የመንግሥት አካል ደግሞ ለአካል ጉዳት ጉዳይ ኃላፊ መመደብ አለበት፤ ስሙን ጠይቁ።

በእያንዳንዱ ስቴት በፌዴራል ሕግ የተቋቋመ፣ እስር ቤት ገብቶ የማየትና መዝገብ የመመርመር ሥልጣን ያለው የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች ድርጅት አለ። በሜሪላንድ ዲሳቢሊቲ ራይትስ ሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ዲሳቢሊቲ ሎው ሴንተር ኦቭ ቨርጂኒያ፣ በዲሲ ዲሳቢሊቲ ራይትስ ዲሲ ይባላሉ። ሁሉንም ጉዳይ አይዙም፤ ከአንድ እስር ቤት የሚመጡ ተመሳሳይ ቅሬታዎች ሲበዙ ግን ይመለከታሉ።

አንድ ወረቀት ምን ያመጣል የሚል ካለ ካሊፎርኒያን ይመልከት። በአእምሮ ሕሙማን ስም በ1990፣ በሕክምና እጦት በ2001 የተጀመሩ ሁለት ክሶች ተጣምረው በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። እስር ቤቶቹ ከተሠሩበት አቅም እጥፍ ገደማ ሰው ይዘው ነበር፤ መከላከል ይቻል በነበረ ምክንያት በየ6 ወይም 7 ቀኑ አንድ ሰው ይሞት እንደነበር ፍርድ ቤት አረጋግጦ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ የእስረኛው ቁጥር ከአቅሙ ወደ 137.5 በመቶ እንዲወርድ የተሰጠውን ትእዛዝ አጸና።

ዘመዳችሁ ሲደውል መጀመሪያ «አይዞህ» በሉት፤ ደግ ነው። ቀጥሎ ግን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ችግሩ የተፈጠረው በየትኛው ቀን ነው? ግሪቫንስ አስገብተሃል ወይስ የሐኪም መጠየቂያ ብቻ? ቁጥሩ ስንት ነው? መልሱን ከእነ ቀኑ ጻፉት፤ ጥሪው ብዙ ጊዜ በ15 ደቂቃ ይቋረጣል፤ ቀኑ ግን ሳይቋረጥ ይቆጠራል።